ከ«ባለስምንት» ወደ «ባለሲኒ»፦ በሞስ መካከል ስለሚበቅል አንድ የፈንገስ ወገን አሰያየም

የሳይንስ ስሞችን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ጽኑ ፈተና የሚያጋጥመው በትንንሾቹ ፍጥረታት ላይ ነው። ለአንበሳና ለዝሆን፣ ለስንዴና ለገብስ ቋንቋችን ስም አላጣም። ችግሩ የሚመጣው አተኩሮ ለሚመለከት ዓይን ብቻ የሚታይ፣ እጅ የማይሰበስበው፣ ለምግብም ሆነ ለመድኃኒት ያልተፈለገ ነገር ሲያጋጥም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኦክቶስፖራ የተባለውን የፈንገስ ወገን ምሳሌ በማድረግ፣ የአንድን ሳይንሳዊ ስም ፍች መተርጐምና ስሙ የሚያመለክተውን ነገር መሰየም ሁለት የተለያዩ ተግባሮች መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ምሳሌውን የመረጥንበት ምክንያት እኛው ራሳችን በዚሁ ስም ላይ ስለተሳሳትን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዝርያ» የምንለው የሥነ ሕይወት ምሁራን የምደባ መሠረት የሚያደርጉትን ክፍል ሲሆን፣ «ወገን» የምንለው ደግሞ የቅርብ ዝምድና ያላቸውን ዝርያዎች በአንድ ስም የሚያቅፈውን ከእርሱ በላይ ያለውን ደረጃ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

1. ነገሩ ምንድን ነው?

ከዝናብ በኋላ እርጥበት በያዘ የሞስ ምንጣፍ አጠገብ ተንበርክኮ በአጉሊ መነጽር የሚመለከት ሰው፣ ዕድል ከቀናው በቅጠሎቹ መካከል ብርቱካንማ ወይም ቀይ ነጠብጣቦች ያያል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አፉ ሰፊ፣ ጠርዙም ብዙ ጊዜ ነጣ ባለ ስስ ዘርፍ የተከበበ ጥቃቅን ሲኒ ነው። ስፋቱ ባብዛኛው ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ቀለሙን የሚሰጡት ካሮቲኖይድ የተባሉት ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ፣ ካሮትንም ብርቱካንማ የሚያደርጉት እነዚሁ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሲኒው የፈንገሱ ሙሉ አካል አይደለም። ሌላው አካሉ በሞሱና በአፈሩ ውስጥ የተዘረጋ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ ተለይቶ የማይታይ ቀጭን ክር ነው። ሲኒውን የሚያወጣው ለመራባት በሚደርስበት ጊዜ ነው። የሲኒው ውስጠኛ ገጽ ጐን ለጐን በቆሙ ረጃጅም ከረጢቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ በየከረጢቱ ውስጥ እንደ ደንቡ ስምንት ስፖሮች ይገኛሉ። ቊጥሩ ስምንት የሆነበት ምክንያት የታወቀ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ከሁለት ኒውክሊየሶች ውሕደት የተገኘው አንድ ኒውክሊየስ፣ ማዮሲስ በሚባለው የቅነሳ ክፍፍል ወደ አራት ይከፈላል፤ ከዚያም አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈሉና ስምንት ይሆናሉ። ስፖሮቹ ሲበስሉ ከረጢቱ በጫፉ ያለውን ክዳን ከፍቶ ወደ አየር ያስፈነጥራቸዋል።

2. ስሙ ከየት መጣ?

ኦክቶስፖራ የሚለውን ስም የሰጠው ዮሐን ሄድቪግ ነው። ሄድቪግ በ1730 ዛሬ በሩማንያ ውስጥ በምትገኘው በብራሾቭ ከተማ ተወለደ፤ በላይፕሲግ ተማረ፤ በሕክምና ሙያም ይተዳደር ነበር። የሞሶችን የመራቢያ ክፍሎች በማይክሮስኮፕ መርምሮ በማስረዳቱ የሞስ ጥናት አባት እየተባለ ይጠራል። በ1799 ከሞተ በኋላ በ1801 የታተመው ሥራው እስከ ዛሬ ድረስ የአብዛኞቹ ሞሶች ሳይንሳዊ ስያሜ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ይህ ሰው ዘመኑን በሞስ ላይ ሲያሳልፍ የሞስን ጎረቤቶችም ማስተዋሉ አልቀረም። በ1789 ሞሶችን በሚመለከተው ሥራው ውስጥ እነዚህን ጥቃቅን ሲኒዎች ጨምሮ ገለጠ፤ በከረጢቶቻቸውም ውስጥ ያየውን ቊጥር ይዞ ኦክቶስፖራ ሲል ሰየማቸው። «ኦክቶ» በግሪክኛ ስምንት ሲሆን፣ «ስፖራ» ዘር ማለት ነው። በዚያን ዘመን በሊኔየስ ምደባ መሠረት ፈንገስና ሞስ፣ አልጌና ፈርን ሁሉ ትርጓሜው «ስውር ጋብቻ» በሆነው በ24ኛው የዕፅዋት ክፍል ውስጥ ተደባልቀው ይኖሩ ነበር። መራባታቸው ስውር ነው በተባሉት ፍጥረታት ውስጥ ዘር አይቶ መቊጠር ለዚያ ዘመን ትልቅ ግኝት ነበር። ስለሆነም ስሙ በተሰጠበት ጊዜ ትርጕም የነበረው ስም ነው።

እየቆየ ግን በከረጢት ውስጥ ስምንት ስፖር መያዝ የዚህ ወገን ብቸኛ ንብረት አለመሆኑ ታወቀ። ስፖራቸውን በከረጢት የሚይዙት ፈንገሶች በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ናቸው፤ ከነዚህም መካከል ስምንት መያዝ የተለመደው ሥርዓት ሆኖ ተገኘ። የሄድቪግ ዝርያዎችም ለረጅም ጊዜ ፔዚዛ በተባለው ሰፊ ወገን ሥር ተበታትነው ቆዩ። በ20ኛው መቶ ዓመት ስሙ እንደገና ሲነሣና ወሰኑ ሲጠብ፣ ወገኑን ካቆሙት ነገሮች ዋነኛው ከሞስ ጋር ያለው ቊርኝት ሆነ። ስሙ ግን ስለ ሞስ አንዲት ፊደል አይናገርም።

3. የእኛ ስሕተት

ከዓመታት በፊት ለትምህርት መጻሕፍት ተርጓሚዎች መርጃ የሚሆን የቃላት ረቂቅ ስናዘጋጅ፣ ኦክቶስፖራን «ባለስምንት ዘር ፈንገስ» ብለን መዝግበን ነበር። ስያሜው ግሪክኛውን በታማኝነት የተከተለ፣ አማርኛውም ያልተጣመመ ስለመሰለን ደስ ብሎን ወደ ሚቀጥለው ቃል አለፍን። ረቂቁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ፣ ስያሜያችንን በአንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ ውስጥ ታትሞ አገኘነው። ይሁን እንጂ የገባው ኦክቶስፖራን ለመጥራት አልነበረም። ስለ ዘር ውርስ በሚያስረዳው ምዕራፍ ውስጥ ኒውሮስፖራን፣ ማለት ቢድልና ቴተም በ1941 ባሳተሙት ጥናት የጂንንና የኤንዛይምን ግንኙነት ያሳዩበትን የዳቦ ሻጋታ ለመጥራት ነበር።

ተርጓሚው ምን ጥፋት አለበት? በመጽሐፉ ላይ የተሣለው የኒውሮስፖራ ከረጢት ስምንት ስፖሮች ደርድሮ ይታያል። ረቂቃችንን ገልጦ «ባለስምንት ዘር ፈንገስ» የሚል ቢያገኝ፣ ከሥዕሉ ጋር አስተያይቶ መውሰዱ የማስተዋል ምልክት ነው። የተሳሳትን እኛ ነን። በግድግዳ ላይ ባለ ሞስ ውስጥ የሚኖረውንና በዳቦ ላይ የሚወጣውን በአንድ ስም የሚያስጠራ ቃል ለተማሪ ሰጥተናል። የታተመ ስም ደግሞ እንደ ተበተነ ስፖር ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ተማሪው አስተማሪ ሆኖ ለሌላው ያስተላልፈዋል።

ከዚህ ያገኘነው ትምህርት የሚከተለው ነው። የአልጌ፣ የፈንገስና የዕፅዋት ዓለም አቀፍ የስያሜ ሕግ በመግቢያው እንደሚያስገነዝበው፣ ለአንድ ወገን ስም የሚሰጠው መጠሪያና የደረጃው ምልክት እንዲሆን እንጂ ባሕርዩን ወይም ታሪኩን እንዲገልጽ አይደለም። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማስረሻ የተባለ ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ስሙ አይተረጐምለትም፤ ስሙ ሲወጣለት በቤቱ የነበረውን ሐዘን እንጂ የሰውየውን ጠባይ አይናገርምና። ኦክቶስፖራም እንደዚሁ ሲወለድ በቤቱ የነበረውን ግርምት የሚያስታውስ ስም ነው።

ይህ ሲባል ግን የስምን ፍች መተርጐም ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ስፖር የያዘው ከረጢት በሳይንስ ቋንቋ «አስከስ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ወይን ጠጅ ከሚያዝበት የቆዳ ዕቃ የግሪክኛ ስም ነው። አማርኛ ለቆዳ መያዣ ስልቻና አቅማዳ የሚሉ ቃላት አሉት። አስከስን «ስልቻ» ብሎ መተርጐም ተማሪውን አያሳስተውም፤ የዚያ ታላቅ ክፍል ፈንገሶች ሁሉ ስልቻውን ስለሚጋሩትና ሌሎቹ ፈንገሶች ስለሌላቸው፣ ምስሉ ዛሬም የመለየት ሥራውን ይሠራል። ስለሆነም መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «የስሙ ፍች ምንድን ነው?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ፍቹ ዛሬም ይለያል ወይ?» የሚለው ጭምር ነው።

4. በእጃችን ያሉት ቃላት

አማርኛ የፈንገስ ስም ድኻ ነው የሚባለው አባባል ሲመረመር እውነት ሆኖ አይገኝም። የሚበላው «እንጉዳይ» ነው። ሜዳ ላይ ብቅ የሚለው ባለዣንጥላ «የጅብ ጥላ» ይባላል። እንጀራ ሲቆይ «ሻጋታ» ያወጣል፤ ሊጥ የሚነሣው በ«እርሾ» ነው። ገበሬ የስንዴውን በሽታ «ዋግ»፣ የማሽላውን «አረማሞ» ይለዋል። እነዚህ ሁሉ በዛሬው ሳይንስ ፈንገሶች ናቸው ወይም የፈንገስ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ቋንቋው የሰየማቸው ከዓይን፣ ከአፍና ከማሳ ጋር ባላቸው ግንኙነት ነው። ያልነበረው ሁሉንም የሚጠቀልለው የወል ስም ነው፤ ይህንን ክፍት ቦታ «ፈንገስ» የተባለው ውሰት ቃል ሞልቶታል። ቃሉ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ስለተለመደ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

«እንጉዳይ» የሚለውን ቃል አስፍቶ ለሁሉም ለማዋል የሚሹ ሰዎች አሉ። እኛ አንደግፈውም። እንጉዳይ ሲባል የሚበላ ነገር ወደ አእምሮ ይመጣል፤ ዋግን እንጉዳይ ማለትም ገበሬውን ያስቃል። በተመሳሳይ ምክንያት ፈንገስን «ዕፅ» ብሎ መፍታት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሊቀጥል አይገባም። ዊተከር በ1969 ባቀረበው የአምስት ክፍል ምደባ ፈንገሶችን ከዕፅዋት ለይቶ ለብቻቸው አቁሟቸዋል፤ መለየታቸውም ዛሬ አያከራክርም።

ሞስን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የዛፍ ሽበት» የሚለውን ውብ ስያሜ ለሞስ የሚሰጡ አሉ። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ የሚታየው ግራጫ ነገር ግን ባብዛኛው ላይከን ነው፤ ላይከን ደግሞ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ሌላ ነገር ነው። ሞስ ጥቃቅን ቅጠል ያለው አረንጓዴ ተክል ነው። ሽበትን ለላይከን ትተን ለተክሉ «ሞስ» የሚለውን ውሰት ቃል ይዘናል።

5. ጽዋ ወይስ ሲኒ?

የጅብ ጥላን ስም ያወጣው ሰው የተመለከተው ቅርጹን ነው። የእኛ ፈንገስ የዚያ ግልባጭ ነው፤ የጅብ ጥላ ወደ ታች ሲደፋ ይህኛው አፉን ወደ ሰማይ ይከፍታል። ስለዚህ በሕዝቡ የአሰያየም መንገድ ብንሄድ የዕቃ ስም መምረጥ ይኖርብናል። ዋንጫ፣ ጽዋ፣ ኩባያ፣ ፍንጃልና ሲኒ ቀርበዋል።

«ዋንጫ» ጥንት የቀንድ መጠጫ ሲሆን ዛሬ ከስፖርት ሽልማት ጋር ስለተቈራኘ ተወገደ። «ኩባያ» ጠለቅ ያለና ብዙ ጊዜም እጀታ ያለው ነው። በመጀመሪያ ያዘነበልነው ወደ «ጽዋ» ነበር። ግዕዝነቱ ክብር ይሰጠዋል፤ አጭርም ነው። ነገር ግን ስያሜውን ከሞስ ጋር አገጣጥመን ጮክ ብለን ስናነበው «የሞስ ጽዋ» ሆነ። ከክፍሉ መጨረሻ የተቀመጠ ተማሪ የሚሰማው «የሞት ጽዋ» ነው። በጽሑፍ የማይታይ እንቅፋት በንግግር ይታያል፤ የሙያ ቃል ደግሞ የሚኖረው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በአስተማሪ አንደበትም ነው።

ቀሪው «ሲኒ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መሠረቱ ቻይናን የሚያመለክት ነው፤ ዕቃው የሸክላው አገር ስም ወጥቶለታል። እጀታ የሌለው፣ አፈ ሰፊና ትንሽ መሆኑ ከፈንገሱ ቅርጽ ጋር ይስማማል፤ በየቤቱ ስላለም ማብራሪያ አይሻም።

ቀጥሎ የሚነሣው የቅጥያ ጥያቄ ነው። «ሲኒ ፈንገስ» እንበል ወይስ «ባለሲኒ ፈንገስ»? «ሲኒ ፈንገስ» ፈንገሱና ሲኒው አንድ ናቸው ያሰኛል። ከዚህ በላይ እንደተገለጸው ግን ሲኒው የፈንገሱ ፍሬ ነው፤ ሲኒው ደርቆ ከጠፋ በኋላም ክሩ በሞሱ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። «ባለ» ባለቤትነትን ስለሚያመለክት እውነቱን ይጠብቃል፤ ባለሱቅ ሱቁን ቢዘጋም ሰውየው አለ። ስለሆነም ለዚህ ቅርጽ ፈንገሶች በጠቅላላው «ባለሲኒ ፈንገስ» የሚለውን መርጠናል።

6. «መካከል»፣ «ላይ» ወይስ «የ»?

የመጨረሻው ጥያቄ ጥቃቅን ቢመስልም ከሁሉ የሚከብደው ነው። ይህ ፈንገስ የሚበቅለው በሞስ መካከል ነው፣ በሞስ ላይ ነው ወይስ የሞስ ነው?

ሲኒው ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በሞሱ ግንዶች መካከል ካለው አፈር ስለሆነ፣ ለዓይን ጎረቤት እንጂ ጥገኛ አይመስልም። «በሞስ መካከል የሚበቅል» የሚለው አገላለጽ የመጣውም ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ የጀርመኑ ተመራማሪ ፒተር ዶብለር በ1970ዎቹ ማብቂያ ያሳተመውን ጥናት የመሳሰሉ ምርመራዎች ከመሬት በታች ያለውን ጉዳይ ገለጡ። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፤ ከመሬት ጋር የሚያያዘው ራይዞይድ በሚባሉ ፀጉር መሰል ክሮች ነው። የፈንገሱ ክር በሕያው ራይዞይድ ላይ ይጣበቅና ግድግዳውን በስቶ በመግባት ከሕዋሱ ምግብ ይወስዳል። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች የተጠቃው ራይዞይድ አብጦ ይገኛል። ከላይ ያለው ሞስ ግን ብዙ ጊዜ ደኅና መስሎ ይታያል።

ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ዝርያዎች ያገኙትን ሞስ ሁሉ አይዙም። የወገኑ ዓይነተኛ ዝርያ ኦክቶስፖራ ሌውኮሎማ፣ ማለት «ነጭ ጠርዝ»፣ የሚኖረው ብሪዩም አርጀንቴየም ከተባለው ብርማ ሞስ ጋር ነው። ይህ ሞስ በከተማ መንገድ ጠርዝና በሲሚንቶ ስንጥቅ ሳይቀር የሚበቅል፣ በየአህጉሩ የሚገኝ ተክል ነው። ኦክቶስፖራ ሁሞሳ ፖሊትሪከም የተባሉትን ረዘም ያሉ ሞሶች ይመርጣል። ኦክቶስፖራ ሙሲ ሙራሊስ ደግሞ በግድግዳና በድንጋይ ላይ እንደ ትራስ ተጠቅልሎ ከሚበቅለው ግሪሚያ ፑልቪናታ ጋር ይገኛል። የዚህ የመጨረሻው ስም ለሰዋስው ሰው የሚያስደስት ነው። «ሙሲ ሙራሊስ» የላቲን አገናዛቢ ሙያ ያለው ሲሆን፣ ቃል በቃል «የግድግዳ ሞስ» ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ምሁር «በ» ወይም «መካከል» አላለም፤ «የ» አለ።

እኛም «የ» እንላለን። «በሞስ መካከል የሚበቅል» ብንል የቆመበትን ቦታ ብቻ እንናገራለን፤ በሣር መካከል የወደቀ ድንጋይም መካከል ነው። «በሞስ ላይ» ብንል ሲኒው በቅጠሉ ላይ የተቀመጠ ያስመስላል፤ ይህም ለብዙዎቹ ትክክል አይደለም። «የሞስ» ስንል ግን እንደ «የስንዴ ዋግ» ሁሉ አንዱ ያለ ሌላው የማይታሰብበትን ዝምድና እንገልጻለን። ገበሬው «በስንዴ መካከል ያለ ዋግ» ብሎ አያውቅም።

7. የውሳኔ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች መሠረት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ. የወገኑ ሳይንሳዊ ስም ሳይተረጐም «ኦክቶስፖራ» ተብሎ በፊደላችን ይጻፍ። የስሙ ፍች ካስፈለገ በማብራሪያው ውስጥ እንደ ታሪክ ይነገር እንጂ እንደ መለያ አይቅረብ።

ለ. ለተራ አንባቢ የሚሆነው መጠሪያ «የሞስ ባለሲኒ ፈንገስ» ይሁን። «ባለሲኒ የሞስ ፈንገስ» የሚለው ቅደም ተከተል አይመረጥም፤ «ባለሲኒ» የሚለው ቅጽል ሞሱን የሚገልጽ መስሎ ሊነበብ ይችላልና። ሲኒ መሰል አካል የሚያወጡ ሞሶችም ስላሉ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። መጠሪያው ላምፕሮስፖራንና ኔኦቲየላን የመሳሰሉትን ተዛማጅ ወገኖችም ስለሚያጠቃልል፣ ወገንን መለየት በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ሳይንሳዊው ስም አብሮት ይጻፍ።

ሐ. «ባለስምንት ዘር ፈንገስ» የሚለው የቀድሞ ስያሜያችን ይሠረዝ። በእጃቸው የሚገኝ ተርጓሚዎች በኦክቶስፖራም ሆነ በኒውሮስፖራ ምትክ እንዳይጠቀሙበት እናሳስባለን።

መ. የመዝገበ ቃላቱ ብያኔ እንዲህ ይነበብ፦ «ኦክቶስፖራ፦ የሞስን ራይዞይድ በጥገኝነት የሚይዝ፣ ለመራባት ሲደርስ በሞሱ መካከል ብርቱካንማ ወይም ቀይ ጥቃቅን ሲኒ የሚያወጣ የፈንገስ ወገን።» በዚህ ብያኔ ውስጥ «መካከል» የገባው ለሲኒው፣ ጥገኝነቱ የተነገረው ለፈንገሱ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እንፈልጋለን።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ስያሜያችን የተፈጠረው በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በደጋ አገር ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ወይም ግድግዳዋን ከክረምት በኋላ የምታጸዳ እናት፣ አረንጓዴውን ምንጣፍም ሆነ በእርሱ ውስጥ ያሉትን ቀያይ ነጠብጣቦች የምትጠራበት ስም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል የሰማ አንባቢ የተነገረበትን ቦታና አገባቡን ጽፎ ቢልክልን፣ እዚህ ያቀረብነውን ትተን የተላከልንን ለመመዝገብ ዝግጁ ነን።